የሳሙኤል ጣት

«ዊትነስ» የተባለውን ፊልም ሳነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ሃሪሰን ፎርድና ኬሊ ማክጊሊስ ጎተራ ውስጥ በመኪና ሬዲዮ ዘፈን ሲደንሱ ነው። ትዕይንቱ ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ይህ ፒተር ዊር አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1985 ለእይታ የበቃ ሥራ ከሁሉ በፊት ምስክር ልጅን ስለሚጠብቅ መርማሪ የተሠራ የወንጀል ፊልም ነው። በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝም እሱ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሳሙኤል የስምንት ዓመት የአሚሽ ልጅ ነው። አሚሾች ኤሌክትሪክ ከቤታቸው የማያስገቡ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ በሰው ላይ መሣሪያ የማያነሡ ክርስቲያኖች ናቸው፤ በፔንስልቬንያ ላንካስተር አውራጃ በብዛት ይኖራሉ። ልጁ አባቱ ከሞተበት ገና ብዙ አልቆየም። ከእናቱ ከራሔል ጋር ወደ ባልቲሞር ሲጓዝ ባቡሩ ፊላደልፊያ ላይ ይዘገያል። ሳሙኤል ወንዶች መጸዳጃ ቤት ይገባና በበሩ ስንጥቅ ሰው ሲታረድ ያያል። ሟቹ ፖሊስ ነው፤ ገዳዩም ፖሊስ ነው። ጉዳዩ ፎርድ ለሚጫወተው መርማሪ ለጆን ቡክ ይሰጣል።

ዊር ከግድያው በፊት ልጁን በባቡር ጣቢያው ውስጥ ብቻውን እንዲዞር ይለቀዋል። ሳሙኤል ከባርኔጣውና ከጥቁር ልብሱ የተነሣ የአገሩ ሰው የመሰለውን አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ይጠጋል። ከዚያ የወደቀ ሰው ያቀፈ ግዙፍ የነሐስ መልአክ ሥር ቆሞ አንጋጦ ያያል። ሐውልቱ ለፊልሙ የተሠራ ጌጥ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ 1,307 የምድር ባቡር ሠራተኞች መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1952 የቆመ ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ችኩል ተመልካች ይህን ሁሉ «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ያሳልፈዋል። ጀምሯል እኮ! ይህ ልጅ እንዴት እንደሚያይ እየተነገረን ነው፤ የፊልሙ ሁሉ ነገር የቆመው በዚህ ማየት ላይ ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ሳሙኤል ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ የወንጀለኞችን ፎቶ ሲያገላብጥ ውሏል፤ የሚያውቀው ፊት አላገኘም። ቡክ ስልክ ላይ ነው። ልጁ ተነሥቶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይንሸራሸርና ዋንጫ የተደረደረበት የመስታወት ሣጥን ጋ ይደርሳል። ከዋንጫዎቹ መካከል ከጋዜጣ የተቆረጠ ጽሑፍ አለ፤ ፎቶው ዳኒ ግሎቨር የሚጫወተው ማክፊ፣ የተመሰገነ የአደንዛዥ ዕፅ ክፍል ፖሊስ ነው። ልጁ ደርቆ ይቀራል። ቡክ ከሩቅ ያየዋል፤ ስልኩን ትቶ ይመጣል። የቢሮው ጫጫታ ይርቅና የሞሪስ ዣር ሙዚቃ ይተካዋል። ሳሙኤል ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ፎቶው ያነሣል። ቡክ ዝቅ ይልና ያንን ጣት በመዳፉ ይሸፍነዋል።

አንዲት ቃል አልተነገረችም። ያ ክፍል በፖሊስ የተሞላ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ማን የማክፊ ወገን እንደሆነ አይታወቅም። ጣቱ ከታየ ልጁ አበቃለት። ቡክ እስከዚያች ደቂቃ ልጁን ለምርመራው ሲጠቀምበት ነበር እንጂ አልጠበቀውም። ጥበቃው የተጀመረው በዚያ መዳፍ ነው።

አብሮኝ ያይ የነበረ አንድ ወዳጄ በዚህ ሰዓት ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለና «እና ገዳዩ ማነው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላለም፣ ወንድሜ! ይኸው ነው እኮ ነገሩ። ትርጉም ፊልም ላይ የሚያወሩልን ሰዎችም ዝምታ ሲመጣ ይጨንቃቸዋል፤ «አሁን ልጁ ገዳዩን ሊያሳየው ነው» ብለው ይገቡበታል። እባካችሁ ይህን ፊልም እንዳትነኩት።

የቡክን ጥፋት ግን አልሸፍንለትም። ከዚህ ቀደም ብሎ ልጁን በሌሊት ይዞት ዞሯል፤ ከመጠጥ ቤት ጎትቶ ያወጣውን ተጠርጣሪ ፊት ከመኪናው መስታወት ጋር አጣብቆ «ይሄ ነው?» እያለ አስጨንቆታል። ዛሬ ልደታ ባለው የሕፃናት ችሎት ልጅ በተለየ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ነው ቃሉን የሚሰጠው፤ ጥያቄውን የሚያደርስለትም ከጎኑ ያለ ባለሙያ ነው። ቡክን እዚያ ወስጄ ባስጎበኘው ደስ ይለኛል። ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል፦ ባለታሪኩ ልጅ ስለሆነ ፊልሙ የልጆች ነው ማለት አይደለም። ያ የመጸዳጃ ቤት ግድያ ለሕፃን የሚታይ አይደለም።

ከፖሊስ ጣቢያው ትዕይንት በኋላ ቡክ ያየውን ለአለቃው ለሼፈር ብቻ ይነግራል፤ ወዲያው ማክፊ ያቆስለዋል። ቡክም አለቃው እንደከዳው ይገባዋል፤ እናትና ልጁን ይዞ ወደ እርሻቸው ይሸሻል። የአሚሽ ገበሬዎች በደቦ ጎተራ የሚያቆሙበት ትዕይንት ከዚህ በኋላ ነው። ፎርድ ተዋናይነቱ ሳይቀናው በፊት በአናጢነት ይተዳደር ስለነበር መዶሻው እጁ ላይ አያስቅም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን መጨረሻውን ነው። «ቡክ ልጁን አዳነው» ይላሉ። እስቲ እንደገና እዩት። ገዳዮቹ እርሻው ላይ ሲደርሱ ቡክ ሳሙኤልን ወደ ጎረቤት ሽሽ ይለዋል። ልጁ ተኩስ ሲሰማ ይመለሳል። ቡክ ሁለቱን ይጥላል፤ ሼፈር ግን እናቱንና አያቱን በጠመንጃ ይዟል፤ ቡክም መሣሪያውን ለመጣል ይገደዳል። አያትየው በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ሳሙኤል ሮጦ ደወሉን ይደውላል። በገጠር ኡኡታ እንደተሰማ ሁሉ ጎረቤት ባዶ እጁን ከየማሳው ይግተለተላል። ሼፈር አንድ ምስክር ሊያጠፋ መጥቶ በምስክር ተከበበ፤ ሁሉን ገድሎ አይጨርስም። መሣሪያውን የሚያስጥለው ይህ ነው።

ፊልሙ ለ8 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ 2 አሸነፈ፤ አንዱ ለድርሰቱ፣ ሌላው ለቶም ኖብል ቅንብር። ፎርድም በምርጥ ተዋናይነት የታጨው በዚህ ፊልም ብቻ ነው። ሳሙኤልን የተጫወተው ሉካስ ሃስ ግን ከዕጩዎቹ መካከል የለም። ኖብል ያን የጣት ትዕይንት ያቀናበረው በልጁ ዓይን ዙሪያ ነው፤ ዓይኑን አውጡትና ለመቀስ የሚተርፈው የቢሮ ግድግዳ ነው።