ትዕዛዙ አልጠፋም፤ የጠፋው መንገዱ ነው

በዚህ እትማችን የምናነሳው ጉዳይ በተለይ ኮምፒውተር ለሚማሩ ልጆቻችን ነው። ወላጆችም ብታነቡት አይከፋም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እንነግራችኋለን።

ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ገንዘብ ሳይከፈልበት የሚገኝና በአሮጌ ኮምፒውተርም የሚሠራ ዓይነት ስላለው፣ እንደኛ አቅም ላጠረው ሰው ተስማሚ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ተማሪው ተርሚናሉን ከፍቶ የፋይል ዝርዝር የሚያሳየውን «ኤልኤስ» የሚለውን ትዕዛዝ ሲጽፍ፣ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ማለትም «ትዕዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣበታል። ሌላም ቢሞክር ያው ነው። ወዲያው «በቃ፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል፤ ፎርማት ይደረግ» ይባላል።

ቆይ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ዲስኩ ከተጠረገ የስንቱ ቤተሰብ ማመልከቻ፣ የልጆች ሰርተፍኬት ቅጂ፣ አገር ቤት የቀሩ ዘመዶች ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅን «ሂድና እትዬ እገሊትን ጥራልኝ» ብለን ስንልከው፣ የትኞቹ ብሎኮች ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ካላወቀ ዝም ብሎ ተመልሶ «የሉም» ይለናል። እትዬ ግን ቤታቸው ቁጭ ብለው ቡና እያፈሉ ነው! ሊኑክስም ትዕዛዝ ሲሰጠው የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር አለው። ይህ ዝርዝር «ፓዝ» ይባላል፤ መንገድ እንደማለት ነው። ፎልደሮቹ በሁለት ነጥብ (:) ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ፍለጋውም ከመጀመሪያው ተነስቶ በተራ ነው። ዝርዝሩ ሲበላሽ ትዕዛዞቹ በቦታቸው እያሉ «የሉም» ይባላል።

እንግዲህ መፍትሔውን በቅደም ተከተል እንይ። እዚህ በፊደላችን ብንጽፈውም እናንተ የምትተይቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

አንደኛ፣ አድራሻውን ሙሉ አድርጋችሁ ስጡ። «/ቢን/ኤልኤስ» ብላችሁ ስትጽፉ ከሠራ፣ ትዕዛዙ በሕይወት አለ፤ የጠፋው ዝርዝሩ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዝርዝሩን ለጊዜው መልሱ፦

ኤክስፖርት ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን

ፓዝ የሚለው ቃል አራቱም ፊደሎች (ፒ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤች) በትልቁ ይጻፋሉ፤ ሌላው ሁሉ በትንሹ ነው። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይኖርም። «ኤክስፖርት» ራሱ በሼሉ ውስጥ ያለ ትዕዛዝ ስለሆነ ፓዝ ቢጠፋም ይሠራል። ይህ ግን የሚያገለግለው ለዚያችው ለተከፈተችው መስኮት ብቻ ነው፤ ከተዘጋች ችግሩ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ የስህተቱን ምንጭ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በራሳችሁ የሆም ፎልደር ውስጥ «.ባሽአርሲ» ወይም «.ፕሮፋይል» በተባለው ፋይል ነው (መነሻዋን ነጥብ አትርሱ)። መጀመሪያ «ሲፒ» በሚለው ትዕዛዝ የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ። ከዚያ «ናኖ ~/.ባሽአርሲ» ብላችሁ ክፈቱና ፓዝ የሚለውን መስመር ተመልከቱ። አዲስ ፕሮግራም ያስገባ ሰው «ፓዝ=/አዲሱ ፎልደር» ብሎ ብቻ ጽፎ ከሆነ፣ አሮጌውን ዝርዝር በሙሉ ሰርዞታል። መጻፍ የነበረበት «ፓዝ=$ፓዝ:/አዲሱ ፎልደር» ተብሎ ነው። ይህች የዶላር ምልክት ያለባት ፓዝ «የቀድሞው ዝርዝር እንዳለ ይቆይ፣ አዲሱ ይጨመርበት» ማለት ናት። አስተካክላችሁ ኮንትሮልና ኦ ከዚያም ኢንተር ስትጫኑ ይቀመጣል፤ በኮንትሮልና ኤክስ ትወጣላችሁ።

አራተኛ፣ አሮጌዋን መስኮት ሳትዘጉ አዲስ ተርሚናል ክፈቱና «ኤልኤስ» ብላችሁ ሞክሩ። ያስተካከላችሁት «.ፕሮፋይል»ን ከሆነ ግን ወጥታችሁ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ካልሠራ፣ አሮጌዋ መስኮት መመለሻችሁ ናት።

ጭራሽ መግባት አልችል ካላችሁስ? በብዙዎቹ ሊኑክሶች ላይ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ስትጫኑ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል። በስማችሁና በይለፍ ቃላችሁ ገብታችሁ ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሩ።

ወላጆችም ይህን ያነሳንላችሁ ለዚህ ነው፦ የቤተሰባችሁ ወረቀት ያለበትን ኮምፒውተር «ተበላሽቷልና ይጥረግ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ «መጀመሪያ ፓዙን አይታችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፋይሎቹንም ወደ ፍላሽ ሳያስገለብጡ እሺ አትበሉ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።