የተረጋጋ ዕትም ስንት ዓመት ይረጋጋል?

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ ለቀቀ። በ2010 ቢጫ ዋግ እንደ ኩብሳ ያሉ ሌሎች የስንዴ ዝርያዎችን ሲያወድም ዲገሉ ስለቆመ ገበሬው ተሻማበት። በ2013 መጨረሻ ግን ይህንኑ ዝርያ የሚያጠቃ አዲስ የግንድ ዋግ ተነሥቶ በደቡብ ምሥራቅ የአገራችን ክፍል አንዳንዱን ማሳ ያለ ፍሬ አስቀረው። ዲገሉ ያው ዲገሉ ነው፤ የተለወጠው ዋጉ ነው።

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህ ታሪክ አይገርመውም። በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዘንድ «የተረጋጋ» የሚባለው ዕትም አዲስ ነገር የማይጨመርበት፣ ስሕተቱ ብቻ የሚታረምለት ነው። አዲሱ ሥራ በሌላ ቅርንጫፍ ይሞከራል። የሚያርመው ካጣ ግን፣ ሰርጎ ገቡ ቀዳዳ መፈለጉን ስለማይተው፣ መረጋጋቱ በስም ብቻ ይቀራል።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት አዲሱንና የተረጋጋውን የሚያገናኘው በማጣሪያ ነው። አዲስ ጥቅል በቅድሚያ «ሲድ» ወደተባለው ያልተረጋጋ ክፍል ይገባል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከባድ ስሕተት ካልተገኘበት ወደ መፈተኛው ያልፋል። መፈተኛው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ለአዲስ ነገር በሩን ዘግቶ፣ ስሕተቱን አጽድቶ የተረጋጋው ዕትም ይሆናል። የስንዴ ዝርያም በተለያዩ ቦታዎች ለዓመታት ተሞክሮና በአጽዳቂ ኮሚቴ ታይቶ ነው የሚለቀቀው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ግን አዲሱንና የተረጋጋውን ማገናኘት የተማረው ተቸግሮ ነው። ድሮ የሥሪቱ ሁለተኛ አኃዝ ተጋማሽ ሲሆን የተረጋጋ፣ ጎዶሎ ሲሆን የሙከራ ነበር። 2.4 በጃንዋሪ 2001 ወጣ፤ ተተኪው 2.6 የደረሰው በዲሴምበር 2003 ነው። እስከዚያ ማን ይጠብቃል? ሊኑክስን የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ደንበኞቻቸው የፈለጉትን ከሙከራው 2.5 እየወሰዱ 2.4 ላይ ለጠፉት፤ «የተረጋጋው» ከርነልም በየድርጅቱ ሌላ ሌላ መልክ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ የጎዶሎው መስመር ቀረ። በ2005 ግሬግ ክሮዋ-ሃርትማንና ክሪስ ራይት የተረጋጋውን ቅርንጫፍ በኃላፊነት ያዙ። በሕጋቸው እርማቱ ከ100 መስመር አይበልጥም፤ ደግሞም አስቀድሞ በሊኑክስ ፈጣሪ በሊነስ ቶርቫልድስ ዋና መስመር ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ከሁለቱ የማደንቀው ሁለተኛውን ነው። አሮጌው ላይ ብቻ የታረመ ስሕተት በሚቀጥለው ዕትም ተመልሶ ይመጣልና፤ ያኔ የሚጎዳው ደግሞ ታዝዞ ያሻሻለው ተጠቃሚ ነው።

ጉዳዩ ከአገራችንም አይርቅም። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ምንጭ ነው፤ ሥራውን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚጠቀም አገር ለራሱ የጨመረውን ወደ ዋናው መስመር ካላስገባ፣ አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር እንደገና ሊለጥፈው ነው። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ግን በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ስለገባ፣ መስከረምን በየዕትሙ እንደ አዲስ መጨመር አያስፈልግም።