ኮሶ ለኮሶ

መቱ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆሟል። እግሩ ሥር በተነጠፈው ሸራ ላይ ቡናማ ፈሳሽ የያዙ ትናንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። «ለጨጓራ፣ ለወገብ፣ ለሪህ፣ ለኪንታሮት፣ ለስኳር፣ ለደም ብዛት፣ ለእንቅልፍ እጦት…» በጣቴ ስቆጥር ቆይቼ ዐሥራ አንደኛው በሽታ ላይ ጣት አለቀብኝ።

ገበያው ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት ከጤና አዳሙ ጎን ቀላ ያለ የደረቀ አበባ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ይሄ ለምን ይሆናል?»

«ለኮሶ።»

«ለሌላስ?»

«ለኮሶ አልኩህ እኮ ልጄ!»

ያን ቀን ስቄ አለፍኩ። መልሳቸው ግን አብሮኝ ገባ። በአማርኛ ኮሶ ዛፉ ነው፤ ከዛፉ አበባ የሚጠጣው መድኃኒትም ኮሶ ነው፤ በመድኃኒቱ የሚወጣው ትልም ኮሶ ነው። እዚህ ኢሉባቦር ብዙው ሰው በኦሮምኛ ሄጦ ይለዋል። ዛፉ ደጋ የሚወድ ስለሆነ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው መቱ ቡና እንጂ ኮሶ በየጓሮው አይታይም። ያም ሆኖ ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት አገር ሁሉ ያውቀዋል። ወጣቱ ዐሥራ አንድ በሽታ ሲዘረዝር እኒህ እናት አንዱን ብቻ የጠሩት ለምንድን ነው? ገበያ ስለማያውቁ ይሆን?

ፍለጋዬን ከሩቅ ጀመርኩ፤ ሁሉን ፈዋሽ ነን ባዮች ከነገሡበት ከቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ። (የአውሮፓውን ታሪክ ዓመታት በነሱው አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።) የዘመኑ ጋዜጦች በክኒንና በቅባት ማስታወቂያ የተሞሉ ነበሩ። ዕቃው «ፓተንት መድኃኒት» ይባላል። ስሙ ግን አሳሳች ነው። ፓተንት ለማግኘት የፈጠራውን አሠራር ለመንግሥት መግለጽ ግድ ይላል፤ እነዚያ ነጋዴዎች ደግሞ ከምንም በላይ የሚሸሹት ይህንኑ ነበር። አብዛኞቹ ፓተንት ኖሯቸው አያውቅም። የነበራቸው ከ1783 ጀምሮ መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስብበት ቴምብር ነው። ገዢው ያንን ቴምብር ሣጥኑ ላይ ሲያይ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው ይመስለው ነበር። መንግሥት የመረመረው ግን ሳንቲሙን ብቻ ነው።

ከሁሉ የገነነው በልጅነቱ በግ ጠባቂ የነበረው የቶማስ ቢቻም ክኒን ነው። ዋጋው አንድ ሺሊንግ ከአንድ ፔኒ ተኩል ሲሆን፣ «ሣጥኑ አንድ ጊኒ ያወጣል» ተብሎ ይታወጅለታል፤ ጊኒ ሃያ አንድ ሺሊንግ ነው። በ1909 የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር የእነዚህን ምስጢራዊ መድኃኒቶች ሆድ ዕቃ በቤተ ሙከራ ዘርግፎ በመጽሐፍ አወጣው። በቢቻም ክኒን ውስጥ የተገኘው እሬት፣ ዝንጅብልና የተፈጨ ሳሙና ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት የ56ቱ ክኒን ጥሬ ዕቃ ወጪ ግማሽ ፋርዚንግ፣ ማለት የአንድ ፔኒ ስምንተኛ ነው። ሳሰላው መሸጫው የጥሬ ዕቃው 108 እጥፍ ሆነ። እሬቱ በርግጥ ያስቀምጣል። ሌላውን ሁሉ የሚሠራው የማስታወቂያው ወረቀት ነው።

ፓርላማውም ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቁሞ ነበር። የኮሚቴው ሪፖርት የወጣው ነሐሴ 4 ቀን 1914 ነው፤ እንግሊዝ ጦርነት ውስጥ የገባችበት ዕለት። ማን ያንብበው?

የዚያን ዘመን የመድኃኒት ዋጋ ሳገላብጥ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የገጠመኝ። በ1850 ለንደን ውስጥ የአንድ መድኃኒት አንድ አውንስ፣ ማለት 28 ግራም ገደማ፣ በ35 ሺሊንግ ለሽያጭ ቀርቧል። በዚያ ገንዘብ 31 ሣጥን የቢቻም ክኒን ይገዛል። ስሙን ሳየው ደግሜ አነበብኩት፤ ኮሶ!

እንዴት እዚያ ደረሰ? ወደ ኋላ ተከተልኩት። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ገልጾ፣ ለእንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ስም ሰጥቶት ነበር። ሆኖም የባንክስ ስም ቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቷል። በ1791 ጀርመናዊው ግመሊን «ሀጌኒያ» አለው፤ የኮኒግስበርጉን መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሀገንን ለማክበር። ዛፋችን የአንድ የሩቅ አገር ፋርማሲስት ስም ተሸክሞ የቀረው እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከመጽሐፍ አልወጣም።

ከመጽሐፍ ያወጣው ቡና ቤት ነው። በ1820ዎቹ መባቻ በኢስታንቡል ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬር አንድ የቡና ቤት አስተናጋጅ በትል ሲሠቃይ ያውቅ ነበር። ወደ አበሻ ምድር ይመላለስ የነበረ አርመናዊ ነጋዴ ከዚያ ያመጣውን አበባ አጠጥቶ አዳነው። ብራዬር በጉዳዩ ላይ ጻፈ፤ አበባውም ፓሪስ ደረሰ፤ የዕፀዋት ሊቁ ኩንት አዲስ ተክል መስሎት «ብራዬራ» ብሎ ሰየመው። ያ የኢስታንቡል ዱቄትና ያ የብሩስ ዛፍ አንድ መሆናቸው የታወቀው ኋላ ነው። ቀጥሎ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ድረስ የመጣው ፈረንሳዊ ሮሼ ዴሪኩር ብዙ ኮሶ ይዞ ተመለሰ፤ የ35 ሺሊንጉ ዋጋም የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ፍርሃት ያዘኝ። ውድ፣ ከሩቅ የመጣ፣ እንግዳ ስም ያለው ዱቄት፤ ለሁሉን ፈዋሽ ነጋዴዎች ከዚህ የተሻለ ዕቃ ከየት ይገኛል? ኮሶም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ለሪህና ለእንቅልፍ እጦት ይታወጅ ይሆናል ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

ያገኘሁት ሌላ ነው። ሐኪሞቹ ምስጢር የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም፤ ዛፉ የታወቀ፣ አበባው የታየ፣ ሥራው አንድ። ስለዚህ ፈተኑት። የሴቷ ዛፍ ቀይ አበባ ከወንዴው እንደሚበልጥ ለዩ። አበባው ሲከርም ኃይሉ እንደሚደክም አዩ። በ1864 የመጀመሪያው የብሪታንያ መድኃኒት መዝገብ ሲወጣ ኮሶ ገባበት፤ አወሳሰዱም ሳይጣራ ከነአተላው ሆኖ ተጻፈ፣ ልክ እንደ አገር ቤቱ። ዋጋውም ወረደ። የቢቻም ክኒን እዚያ መዝገብ ደጃፍ አልደረሰም።

የፈተነ ሰው ደግሞ ክፉውንም ያገኛል። ኮሶ ያስታውካል፣ ያደክማል፣ ሲበዛ ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ኮሶ ዓይን እንደሚጎዳ አስነብቧል። እፍኝ የሰፋሪው እጅ ነውና መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ዛሬ የመቱ ሰው ፋርማሲ ገብቶ መጠኑ የታወቀ ክኒን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ኮሶን ማክበር ኮሶን መጠጣት ማለት አይደለም።

እኒህ እናት የገቡኝ ያኔ ነው። ኮሶ ሊዋሽ አይችልም፤ ትሉ ይወጣል ወይም አይወጣም፤ ጠጪው በዓይኑ ያያል። የዚህ አካባቢ ሰው ዳኝነት ጥንትም እንዲሁ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊው ሐኪም ላምቢ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ጎሬ ላይ ከአገረ ገዢው ከራስ ናደው ጆሮ ጢንዚዛ አወጡ ይባላል፤ በራስ ተፈሪ ፊት ሞገስ ያገኙበትና ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ወደ መክፈት ያደረሳቸው መንገድም ከዚያ ተነሣ ይባላል። ጢንዚዛ ወጣ፣ ታየ፣ አለቀ። ዐሥራ አንድ በሽታ የሚፈውስ ጠርሙስ ግን በየትኛው ይመሰከርበታል? ወገቡ ባይድን ለጨጓራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጨጓራው ባይድን እንቅልፉ ተሻሽሏል ይላል። ብዙ ተስፋ የሰጠ ሰው መሸሸጊያው ብዙ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ እንዳይወጣ የሚከለክለውም ዞሮ ዞሮ ለዚህ ነው፤ ምን እንዳለበትና ለምን እንደሚሆን ይነገረን ነው ነገሩ።

በሌላ ቀን መናኸሪያ ስደርስ ወጣቱን ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ካልሠራልኝ በምን አውቃለሁ?»

«ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። አንዱን ጨርሰህ ሁለተኛውን ስትጀምር ለውጡን ታየዋለህ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሸራውን አጣጥፎ በበደሌ መኪና ተሳፈረ።

ወደ ገበያው ገባሁ።

«እማማ፣ ጠጥቼው ካልወጣልኝስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ካልወጣማ ወይ አበባው ከርሟል፣ ወይ አንተ ኮሶ የለብህም። እዚሁ ነኝ፤ መጥተህ ንገረኝ።»