«ጥፋቱ የማን ነው?» የማይል ሕግ

ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የፌሮ ሠራተኛ ራሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚናገራት ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ናት፤ «የራሴ ጥፋት ነው፤ ሳላይ ረግጬ»። ካቦው «ስንቴ ነገርኩህ!» ይላል። ፎርማኑ ባጃጅ ያስቆማል። ጓደኞቹ ከቀን ገቢያቸው ያዋጣሉ፤ አሠሪውም ከኪሱ ጥቂት ሺህ ብር ያክልበታል። «ማርያም ትማርህ» ይባልና ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ሰውየው እግሩ ተጠግኖ ሲመለስ ቦታው በሌላ ተይዞ ያገኘዋል። እሱም «ዕድሌ ነው» ብሎ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል አንድም ሰው ያልጠራው ሕጉን ነው። ሕጉ ቢጠራ ኖሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ካቦውም የወደቀውም ሰው ካነሡት ይለያል። ማን አጠፋ አይልም። ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ፣ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ነው ወይ? የሚጠይቀው ይህን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በአንቀጽ 96 ላይ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው ላይ ለሚደርስ የሥራ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሐሳቡ ከእኛ አገር አልተነሣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ፋብሪካዎች እጁ በማሽን የተቆረጠ ሰው ካሳ ለማግኘት የባለፋብሪካውን ጥፋት በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረበት። ጠበቃ የማቆም አቅም ያለው ባለፋብሪካው ስለሆነ የክርክሩ መጨረሻ ከመነሻው ይታወቅ ነበር። ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአደጋ መድን ሕግ ይህን ሰበረው። ማሽን ያለበት ቦታ አደጋ አይጠፋም፤ ስለዚህ የአደጋው ወጪ እንደ ጥሬ ዕቃና እንደ ነዳጅ የድርጅቱ ወጪ ይሁን የሚል አስተሳሰብ ነው መሠረቱ። እኛም ጋ ከ1985ቱ አዋጅ 42፣ ከ1996ቱ አዋጅ 377 አልፎ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ላይ የደረሰው ይኸው ሐሳብ ነው።

አሠሪው በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነስ? ያኔ ሠራተኛው በሌላው ሕግ መሠረት ተጨማሪ የጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብቱ አይነካም። ሳያጠፋ የሚከፍለው ግን ዝቅተኛው ክፍያ ነው።

ከዚህ ኃላፊነት ውጭ የሆኑ ሁኔታዎች አሉ። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት አሠሪውን አያስጠይቅም። በተለይ ሁለት ነገሮች ተጠቅሰዋል። አንዱ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ወይም ያወጣውን የአደጋ መከላከያ ደንብ አለማክበር ነው። ሌላው ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር በማይችልበት ደረጃ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ነው። የመጀመሪያውን ልብ ይሏል። «በግልጽ» የሚል ቃል አለበት። ሄልሜቱ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሎ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ጓንት ታድሎ የማያውቅ ከሆነ፣ «ስንቴ ነገርኩህ» የሚለው የካቦው ቁጣ ያን ያህል ሩቅ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

የሥራ አደጋ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው ሰፋ ያለ ነው። አለቃው ልኮት ከግቢ ውጭ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጎዳ ሠራተኛ ሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። በሥራው ምክንያት ግቢው ውስጥ ሆኖ ከሥራ በፊት፣ በምሳ ሰዓት ወይም ከሥራ በኋላ የተጎዳም እንዲሁ። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጋጨም ይገባል። በታክሲ የሄደው ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ሰርቪስ ያለው ድርጅትና የሌለው ድርጅት ሠራተኛ ጠዋት በአንድ መንገድ ሲሄዱ በሕግ ዓይን እኩል አይደሉም።

በሽታም አለ። የጥጥ ብናኝ ለዓመታት የሳበ ሳንባ፣ ተባይ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ ሰው ሕመም፣ ሥራው ወይም የሥራው አካባቢ ያመጣው እስከሆነ ድረስ እንደ አደጋው ሁሉ የሥራ ጉዳት ነው። ባካባቢው የተለመደ ወይም የተዛመተ በሽታ ግን አይቆጠርም። ወባማ ቆላ ወርዶ ሸንኮራ ሲቆርጥ ወባ የያዘው ሰው በሥራ ምክንያት ታመመ አይባልም፤ ሥራው ያንኑ በሽታ መከላከል ብቻ የሆነው ሠራተኛ ግን ይባላል። ሕጉ የራሱ አመክንዮ ቢኖረውም ለሸንኮራ ቆራጩ ማስረዳት ከባድ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ሠራተኛ ሳያውቅ የሚጎዳበት አንድ ቦታ ስላለ ቆም እንበል።

አዋጁ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶችን ያውቃል። አንዱ ተራ የሕመም ፈቃድ ነው። ጉንፋን፣ ታይፎይድ፣ ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ማንኛውም ሕመም በዚህ ይስተናገዳል። በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ ናቸው። ሌላው የሥራ ጉዳት ነው። ለጊዜያዊ ጉዳት እስከ 12 ወር የሚዘልቅ ክፍያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወሮች ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ቀሪዎቹ 6 ወሮች ከ50 በመቶ የማያንስ።

በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው 6 ወር ቢተኛ፣ በሕመም ፈቃድ የሚደርሰው 12,000 ብር ነው። በሥራ ጉዳት ግን 31,500 ብር። ተሰብሮ የተኛው እግር ያው አንድ እግር ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ «ታሟል» ወይስ «ሥራ ላይ ተጎድቷል» ተብሎ መጻፉ ነው። ጸሐፊዋ ለቀላሉ ብላ፣ ወይም ታዝዛ፣ የመጀመሪያውን ብትጽፍ 19,500 ብር ማንም ሳያየው ይተናል። ሕክምናውም አለ። የሐኪም፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል፣ የአሠሪው ዕዳ ናቸው። ከኪሱ ያወጣት ያቺ ጥቂት ሺህ ብር ቸርነት አልነበረችም።

ጉዳቱ የማይሽር ከሆነ ነገሩ ወደ ሕክምና ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ የመሥራት ችሎታው ምን ያህል በመቶ እንደቀነሰ ይወስናል። በጡረታ ሕግ የተሸፈነ ሠራተኛ በዚያው ሕግ መሠረት አበል ወይም ዳረጎት ያገኛል። ያልተሸፈነው ደግሞ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው ከአሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ። የባለ 6,000 ብሩ ሰው ሙሉ ካሳ 360,000 ብር፣ ጉዳቱ 20 በመቶ ቢባል 72,000 ብር ይሆናል። ከሞተም የ5 ዓመቱ ደመወዝ ለጥገኞቹ ይከፋፈላል፤ ግማሹ ለባል ወይም ለሚስት፣ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ለእያንዳንዱ 10 በመቶ፣ ሲጦራቸው ለነበሩ ወላጆቹም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ።

ሁሉም ስሌት ደመወዝ ላይ እንደቆመ አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተበጀበት አገር፣ ርካሽ ጉልበት የሸጠ ሰው እጁም ርካሽ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው የፔሮል ጨዋታ ነው፤ በእጅ ስምንት ሺህ ተሰጥቶ በወረቀት አራት ሺህ ሲፈረም። ግብር ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ያለው ሠራተኛ፣ የወደቀ ዕለት የሚመዘነው በዚያች አራት ሺህ ነው።

ሕጉ የሚመጣው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት ነው ይላል። አዋጁም አሠሪው መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር፣ የደኅንነት ኃላፊ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ አደጋዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ብዙም የማይወራ አንድ መብት ልጨምር። ለሠራተኛው ደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ ተነግሮት አሠሪው በጊዜ ሳያርም ቢቀር፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ ሲለቅም ከስንብት ክፍያው ሌላ የ30 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባዋል።

አዋጁ የማያቅፋቸው አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። በሰው ቤት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ ዘይት ያቃጠላት ልጅ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አይመለከታትም። ይህ በእኔ ዓይን የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ነው።

«እኔ እኮ የፈረምኩት ነገር የለም» የሚለው የቀን ሠራተኛ ግን ተሳስቷል። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን አያሳጣውም። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብሎ አልጋ ላይ ሳለ የፈረመውም ተስፋ አይቁረጥ። በስምምነት ሥራ ሲቋረጥ እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት መተዉ በሕግ ፊት ውጤት የለውም ተብሎ ተጽፏል።

የጊዜ ገደብ ግን አለ። የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ በ1 ዓመት ይታገዳል። «ትንሽ ይሻለኝና» እያሉ ዓመቱን ያሳለፉ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ እርስዎ ወይም ወንድምዎ ሥራ ላይ ቢጎዱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያዩትን ሰዎች ስም ከነስልካቸው በዚያው ዕለት ይጻፉ። ሐኪሙ ካርድ ላይ ሲጽፍ «ሥራ ላይ» የሚለውን እንዳይረሳ ይንገሩት። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ፣ ከሌለ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ካልሆነም የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ እዚያ ክስ ሲከፍት የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።