ስድስተኛው ጥርስ፤ ስለ ጥርስ ክፍሎችና ስለ ስሞቻቸው

ጥርስን የማያውቅ ሰው የለም፤ የጥርስን ስም ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ጥቂት ያሳስተናል፤ መንጋጋ ስንል አንድ ጊዜ ጥርስ የተተከለበትን አጥንት፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዚያው አጥንት ላይ በስተኋላ የቆመውን ሰፊ ጥርስ ማለታችን ነው። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን በተውነው ነበር። ነገር ግን ስሙን ካለማወቅ የተነሣ ብዙ ወላጆች ዕድሜ ልክ የሚያገለግለውን የልጃቸውን ጥርስ “ነገ የሚወልቅ የወተት ጥርስ ነው” ብለው ስለሚተዉት፥ ነገሩ የጤና ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ጥርስ አሠራርና ስለ ስሞቹ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

ጥርስ ሦስት ክፍል አለው። ከድድ በላይ የሚታየው አክሊል፥ በድድ የተከበበው ጠበብ ያለው ስፍራ አንገት፥ በአጥንቱ ውስጥ የተሰወረው ደግሞ ሥር ይባላል። የፊት ጥርስ አንድ ሥር ሲኖረው፥ የታችኛው ትልቅ መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት፥ የላይኛው ሦስት ሥር አለው። እንግዲህ በመስተዋት የምናየው የጥርሱን ከፊል ብቻ ነው ማለት ነው።

አክሊሉን ከላይ የሚያለብሰው ሽፋን ኤናሜል ይባላል። ከሰው አካል ሁሉ የሚጠነክረው ይህ ሲሆን፥ ከክብደቱ ውስጥ ከመቶ 96 ያህሉ ማዕድን ነው። የተሰበረ አጥንት ይጋጠማል፥ የቆሰለ ቆዳም ይሽራል፤ የተቦረቦረ ኤናሜል ግን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲበቅል ስለሚጠፉ ተመልሶ አይሞላም። ከኤናሜሉ ሥር ወደ ቢጫ የሚያደላ ዴንቲን የሚባል ክፍል አለ፤ እርሱም ወደ ውስጥ የሚያደርሱ እጅግ ቀጫጭን ቦዮች አሉት። በመካከል የሚገኘው ለስላሳ ክፍል ፐልፕ ሲባል፥ የደም ሥሮችና ነርቮች ያሉት በዚሁ ውስጥ ነው። ሥሩንም ሴመንተም የሚባል ስስ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስሩት ጅማቶች የተያያዙት ከዚህ ሽፋን ጋር ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው የሕመሙን ደረጃ ራሱ ሊረዳው ይችላል። መቦርቦሩ በኤናሜል ላይ ሳለ ሕመም የለም። ዴንቲኑ ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃና ጣፋጭ ነገር ይጠዘጥዛል። ፐልፑ ሲነካ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ይጀምራል፤ ፐልፑ በሞተ ጊዜ ግን ሕመሙ ለጊዜው ጸጥ ይላል። በዚህ ጊዜ “ተሻለኝ” ብሎ የሚደሰት ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን መግሉ በሥሩ ጫፍ ላይ በአጥንቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለው እምነት በአገራችን ብቻ ሳይሆን በብዙ አገር የነበረ ነው። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እምነት ተቃወመ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1890 በበርሊን ያስተምር የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር፥ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ የቀረውን ስኳርና የእህል ፍርፋሪ ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፥ አሲዱም የጥርስን ማዕድን እንደሚያሟሟ በመጽሐፉ አስረዳ።

አሁን ወደ ስሞቹ እንመለስ። በሙሉ ሰው አፍ 32 ጥርስ ይገኛል፤ ይኸውም በላይና በታች፥ በቀኝና በግራ፥ በእያንዳንዱ ሩብ 8 ጥርስ ማለት ነው። ከመካከል ጀምረን ወደ ኋላ ብንቈጥር 1ኛውና 2ኛው የሚቈርጡ የፊት ጥርሶች፥ 3ኛው የሚቦጭቀው ክራንቻ፥ 4ኛውና 5ኛው ትንንሽ መንጋጋዎች፥ 6ኛው፥ 7ኛውና 8ኛው የሚፈጩት ትልልቅ መንጋጋዎች ናቸው። የሕፃን ጥርስ ግን በጠቅላላው 20 ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ሩብ 2 የፊት ጥርስ፥ 1 ክራንቻና 2 የወተት መንጋጋ፥ በድምሩ 5 ይሆናል። እነዚህም ከ6 ወር ገደማ ጀምረው እየበቀሉ ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ ይሟላሉ።

እንግዲህ ከ5ቱ የወተት ጥርሶች በስተኋላ በ6ኛነት የሚበቅለው ጥርስ ምንድር ነው? በ6 ዓመት ገደማ የሚመጣው የመጀመሪያው ቋሚ ትልቅ መንጋጋ ነው። ስድስተኛው ጥርስ በስድስተኛው ዓመት ብሎ ማስታወስ ቀላል ነው። በባሕር ማዶ ስንማር መምህራችን ከጥርስ ሁሉ አስቀድመን ለይተን እንድናገኘው ያዘዙን ይህንኑ ነበር። የጥርስ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በሚጠቀምበት አቈጣጠርም የመጀመሪያው አኀዝ ሩቡን፥ ሁለተኛው ተራውን ስለሚያመለክት፥ አራቱ የስድስት ዓመት መንጋጋዎች 16፥ 26፥ 36 እና 46 ተብለው ይጻፋሉ።

ይህ ጥርስ የሚጎዳው በአመጣጡ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ጥርሶች ሲለወጡ የወተቱ ጥርስ ይነቃነቃል፥ ይወልቃል፤ ሕፃኑም ወደ ጣሪያ ወርውሮ አዲስ እንዲመጣለት ይለምናል፤ ቤተ ሰቡም ያውቃል። ስድስተኛው ግን የሚወረወር ጥርስ ሳይኖር፥ ማንም ሳያየው፥ ከሁሉ በስተኋላ በጸጥታ ይበቅላል። በማኘኪያው ገጽ ላይ ጠባብና ጥልቅ ስንጥቆች አሉት፤ ሲበቅልም ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቈይ ብሩሹም መፋቂያውም አልፎት ይሄዳል። ተቦርቡሮ በጉጠት ከተነቀለ ምትክ አይበቅልለትም። ከበስተኋላው ያለው መንጋጋ ወደ ባዶው ስፍራ ያዘነብላል፥ ከፊት ለፊቱ ያለውም ይረዝማል፤ ልጁም በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ይለምዳል።

የወተት ጥርስም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የቋሚው ጥርስ ቡቃያ በድዱ ሥር በአጥንቱ ውስጥ ስለሚገኝ፥ የወተቱ ጥርስ ስፍራ ይጠብቅለታል። ስለዚህ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያዘው ተብሎ የሕፃን ድድ ተፈልቅቆ ጥርስ ማውጣት ሕመሙን አያድንም፤ ደም ያፈስሳል፥ ቊስሉን ለመመረዝ ያጋልጣል፥ የቋሚውንም ጥርስ ቡቃያ ሊያጠፋ ይችላል። የታመመ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መምህራን ሆይ፥ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ይህ ጥርስ በሚበቅልበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አፉን ይክፈት፤ እናንተም እጃችሁን ሳታስገቡ ከመካከል ወደ ኋላ ቍጠሩ። 6ኛው በቅሎ እንደ ሆነ ለልጁም ለወላጆቹም ስሙን ንገሩ፤ በስንጥቁ ላይ ጥቊር ነጥብ ወይም ጒድጓድ ካያችሁ ሕመም ሳይጀምር ወደ ሐኪም እንዲሄድ ምከሩ። በጊዜው የተደረሰለት ጥርስ ሳይነቀል ይሞላል፤ ገና ያልተበላውም ስንጥቁ በመድኃኒት ሊደፈን ይችላል።

በቤትም በቀን ሁለት ጊዜ፥ ይልቁንም ከመኝታ በፊት፥ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይገባል፤ ለትንሽ ልጅ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ይበቃዋል። የወይራና የክትክታ መፋቂያም መልካም ነው፤ የፊቱን ጥርስ ብቻ አንጽቶ የሚመለስ ግን የሚታየውን አሳምሮ የሚያኝክበትን ዘንግቷል። ከረሜላና ስኳር የበዛበት ሻይም ቀኑን ሙሉ በየጊዜው ሲቀማመሱ፥ አሲዱ ጥርሱን ፋታ ይነሣዋልና ከምግብ ሰዓት ውጭ ባይሰጥ ይመረጣል።

ዛሬ ማታ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ያለው ሁሉ በመብራት አጠገብ የልጁን ጥርስ ቈጥሮ ስድስተኛውን እንዲፈልግ አደራ እንላለን።