«የስሕተት ምዝገባ» እና «የስሕተት መዝገብ»

አንድ ድረ ገጽ በድንገት ሥራውን ሲያቆም ለጐብኚው የሚታየው ብዙ ጊዜ ባዶ ገጽ ወይም 500 የሚል ቍጥር ነው። የብልሽቱ ምክንያት የሚታወቀው አገልጋዩ ኮምፒዩተር ስሕተቶችን እንዲመዘግብ አስቀድሞ የታዘዘ እንደ ሆነ ነው። ይህን ሥራ እንግሊዝኛው «ኤረር ሎጊንግ» ይለዋል፤ እኛም ስለ አተረጓጐሙ ያለንን አሳብ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

«ሎግ» በመነሻው ግንድ ማለት ነው። መርከበኞች የመርከብን ፍጥነት ለመለካት በገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉ ስለ ነበር፣ ልኩ የሚጻፍበት ደብተር በእንጨቱ ስም ተጠራ። አማርኛ ግን ይህን ታሪክ መከተል አያስፈልገውም፤ «መዘገበ» የሚለው ግሥ ይበቃዋል። ከዚሁ ግሥ ሦስት ስሞች እናገኛለን፦ ድርጊቱ «ምዝገባ»፣ ጽሑፉ የሚጠራቀምበት ፋይል «መዝገብ»፣ በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል «ምዝግብ»። «ምዝገባ» ብቻውን ሲቆም የተጠቃሚዎችን ስም መመዝገብ ስለሚመስል ሁልጊዜ «የስሕተት ምዝገባ» ሊባል ይገባል።

ግሡም ጥንቃቄ ይሻል። ራዲዮ «ይከፈታል» እንደምንል «የስሕተት መዝገቡን ክፈት» ብንል፣ አንባቢው ፋይሉን ከፍቶ እንዲያነብ ወይስ ምዝገባው እንዲጀመር እንዲያዝ እንደ ተነገረው አይለይም። ስለዚህ ለምዝገባው «ማስጀመር»፣ ለመዝገቡ «መክፈት» ቢመደብ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «መመዝገብ»ን ከ«ማሳየት» መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ በሆነው በፒኤችፒ ቋንቋ ሁለቱ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ማሳየት ስሕተቱን በገጹ ላይ ያወጣዋል፤ ከስሕተቱም ጋር የፋይሎችን አድራሻ፣ አንዳንዴም ለመረጃ ቋቱ የቀረበውን ጥያቄ ለማንኛውም ጐብኚ ይገልጣል። መመዝገብ ግን ያንኑ ቃል ለድረ ገጹ ኀላፊ ያቆየዋል። ለሕዝብ በተከፈተ ድረ ገጽ ላይ ተገቢው ማሳየቱን ማስቀረትና ምዝገባውን ማስጀመር ነው፤ መዝገቡም ከውጭ ሰው በማይደርስበት ማኅደር ይቀመጣል።

እንግዲህ ተርጓሚው ሁለቱንም «ስሕተትን ማውጣት» ብሎ ቢያልፋቸው፣ መመሪያውን በቅንነት የተከተለ ሰው የቤቱን ምስጢር በአደባባይ ይዘረግፋል። በዚህ ምክንያት «ስሕተትን መመዝገብ» እና «ስሕተትን ማሳየት» የሚሉት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጐን ለጐን ተፍታተው እንዲገቡ እናሳስባለን።