የሳምንት ሥራ የሚለካው ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ነው



ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወደ ገጠር ወጥተው፣ ገበሬ ቤት አድረው፣ ከገበሬው ጋር ሲሠሩ አይታችሁ ይሆናል። እኛም አሥራ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ሰባት ወንዶችና አምስት ሴቶች፣ በ2015 ዓ.ም. የግማሽ ዓመት ዕረፍት ከጥር 21 እስከ 28 ድረስ ከመርጡለ ማርያም ከተማ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ ሰንብተናል። ያዘዘን የለም፤ ደመወዝም የለውም። በፈቃዳችን ነው የሄድነው።

በገባን ማታ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ግን አንድ ሳምንት ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው እውነት አለው። ስለዚህ በደንብ እንመልከተው።

ከእኛ በፊት የወጡ

ተሰብስቦ መሥራት ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። ደቦ አለ፤ ወንፈል አለ። በደቦ ባለ ሥራው ደግሶ ጎረቤቱን ይጠራል። በወንፈል ደግሞ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ነው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ግን ነገ የሚታጨድለት ማሳ የለውም። ሳምንቱ ሲያልቅ ይሄዳል።

ተማሪ በብዛት ወደ ገጠር የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር «እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በአገሪቱ ተሰማሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ዘማቾቹም የገበሬ ማኅበራትን ማደራጀትና ፊደል ማስተማር ያዙ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። መጽሐፉ መጀመሪያ በ5፣ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተዘጋጀ። ዩኔስኮም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ ሽልማት ሰጥቷል።

በሌላ አገርም እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል። ኩባ በምትባል ደሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ ወጣቶች ገጠር ገብተው፣ ቀን ከገበሬው ጋር ሲሠሩ ውለው፣ ማታ በፋኖስ ፊደል አስተምረዋል።

በቅርቡም በኅዳር ወር መጨረሻ 2014 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች ግንባር የሄዱ ሰዎችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተደርጓል። ሰብል በሳምንት ይታጨዳል፤ ይወቃል፤ ጎተራ ሲገባ ሥራው አለቀ ይባላል። ፊደልና እርከን ግን እንደዚህ አያልቁም። ጠባቂ ይፈልጋሉ።

ያነበበና ያስቀመጠ

በሰነበትንበት ቀበሌ አንድ አባት ከሣጥናቸው ወረቀት አውጥተው አሳዩን። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። «ወጣት ሳለሁ ፊደሉን ጨርሼ ነበር። አሁን ግን ከስሜ በቀር የማነበው የለኝም» አሉ። ለምን? ዘማቾቹ ሲሄዱ የሚነበብ ነገር እቤታቸው አልቀረማ።

ጎረቤታቸው በዚያው ጊዜ፣ ከዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የተማሩት። እሳቸው ግን የእድር ጸሐፊ ሆኑ። በየወሩ የሰው ስም ይጽፋሉ፤ መዋጮ ይደምራሉ። ዛሬም ያለ መነጽር ባይሆንም ያነባሉ። ሁለቱም ተምረዋል። አንደኛው ሠራበት፤ ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እርከንም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ በስንዴና በዘይት ክፍያ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ ገበሬው አፈረሰው። እርከኑ መሬት ያጠባል፤ በሬ ማዞሪያ ይከለክላል፤ አይጥ ይይዛል ተባለ። ከሁሉም በላይ ገበሬው ሲሠራ አልተጠየቀም ነበር። በሌላ በኩል ደንበጫ አጠገብ አንጀኒ በሚባል ቦታ በ1978 ዓ.ም. «ፋንያ ጁ» የተባለ እርከን ተሠራ። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፤ አፈሩን ወደ ላይ ጣለው እንደ ማለት ነው። የተጣለው አፈር ከላይ የሚመጣውን እየያዘ፣ ዓመት በዓመት ተዳፋቱ ደረጃ እየሆነ ሄደ። በእንክብካቤ የቆየ እርከን እንዲህ ይከፍላል።

ቦረቦሩ

መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ተዳፋት ነውና ጎርፉ ኃይለኛ ነው። እኛ በሰነበትንበት ቀበሌ በሁለት ጎጦች መካከል አንድ ቦረቦር አለ። በየክረምቱ የግጦሹን መሬት ይበላል። ዝናብ ሲጥል ሕፃናት ተሻግረው ትምህርት ቤት መሄድ አይችሉም።

የገባነው በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጥር 21 ነበር። ማታ ሰው ሲሰበሰብ «ምን እንሥራ?» ብለን ጠየቅን። አንዱ መንገዱን አለ፤ አንዱ ምንጩን አለ። እናቶች «ቦረቦሩን» አሉ፤ በክረምት ልጅ የሚያሻግሩት እነሱ ናቸዋ። ነገሩ በዚያ ተቆረጠ። የመረጡት እነሱ ስለሆኑ በማግሥቱ ከእኛ ቀድመው ነው የወጡት።

ጥር 23 ጊዮርጊስ ነው፤ ጥር 27 መድኃኔ ዓለም፤ ጥር 28 እሑድ። በእነዚህ ቀናት መሬት አይቆፈርም። ስለዚህ የቆፈርነው አራት ቀን ብቻ ነው። ሥራው እንዲህ ነበር።

መጀመሪያ ከላይ ጀመርን። ጎርፍ የሚሸነፈው ገና ትንሽ ሳለ ነው። ሁለት እኩል እንጨቶች፣ 10 ሜትር ገመድ፣ መካከል ላይ የተንጠለጠለች ውሃ ልክ ይዘን መስመሩን ለካን። መስመሩ አንድ ልክ ካልሆነ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ሄዶ እዚያ ይሰብረዋል። ከዚያ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረን አፈሩን ከቦዩ በታች ከምረን ረገጥነው።

ቀጥሎ ቦረቦሩ ውስጥ ሦስት የድንጋይ ክትር ተካበ። የመርጡለ ማርያም ሰው ስለ ድንጋይ ንግግር አያጥርም። እቴጌ እሌኒ ከ500 ዓመት በፊት ያሠሩት የጥርብ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም አለ። ካቡን የመሩት አንድ አናጢ እንዲህ አስተማሩን፦ ክትሩ ከግራና ከቀኝ ወደ ግድግዳው ይግባ። መካከሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመካከል እንዲያልፍ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ፤ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን እንዳይቆፍር። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን።

ጀሪካንና ፊደል

ማታ ማታ የንባብ ትምህርት ነበር። በመጀመሪያው ማታ ወንዶች ሞሉ፤ ሴቶች ሁለት ብቻ መጡ። አንዲት የቡድናችን ልጅ ምክንያቱን ጠየቀች። እናቶችም «ማን ውሃ ይቅዳልን? ማን እንጨት ይልቀምልን?» አሏት። ስለዚህ ከነጋ ጀምሮ የቡድኑ ወንዶች ጀሪካን ተሸከሙ፤ እንጨት ሰበሩ። መንገደኛው ሳቀ። ይሳቅ! በሦስተኛው ማታ አሥራ አንድ ሴቶች መጡ። ሴት የማትማረው ሰንፋ አይደለም፤ ጊዜዋ ተወስዶባት ነው።

በበዓላቱ ቀናት ደግሞ ቁፋሮ ስለሌለ ቀንም ተማርን። ያስተማርንበት እቤት የሚገኘውን ነው፦ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የልጆች የትምህርት መጽሐፍ፣ ስልክ ላይ ያለ ስም።

አንዲት ባሏ የሞተባት እናት የመሬት ይዞታ ደብተሯን በነጠላ ጠቅልላ አመጣች። መሬቷን የእኩል ነው የምታሳርሰው። «ሰው ሁሉ እያነበበ ይነግረኛል። አንዱ የሚነግረኝ ከሌላው አይገጥምም» አለች። ፊደል ከጀመረች ገና አራት ቀኗ ነው፤ ሁሉን ማንበብ አትችልም። ስሟን ግን አገኘችው፤ ጣቷንም አሳረፈችበት። ቀጥሎ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን የአዋሳኞች ስም አንድ በአንድ ፊደል እየቆጠረች አወጣች። በሰሜን በኩል የተጻፈው ስም ሲነገራት የኖረው ስም አይደለም። ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲህ እኔም ዓይን አለኝ» ብላ ደብተሩን ጠቀለለች። በማግሥቱ ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ሄደች። ነገሩ እዚያ ይታያል። ጥያቄውን ያነሣችው ግን በሰው አፍ አይደለም፤ በራሷ ዓይን ነው።

ክረምቱ ምን አለ?

ክረምቱ ሲወጣ ከዚያው ቀበሌ የሆነ የክፍል ጓደኛችን ወሬውን ነገረን። ከሦስቱ ክትሮች ሁለቱ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደለል ሞልቷል። ሦስተኛው በጎኑ ተበልቷል። ነገር ግን ማንንም ሳይጠብቁ፣ ዝናቡ ባባራ በሁለተኛው ቀን ሰዎቹ ድንጋይ ጨምረው ወደ ግድግዳው አስገብተው ጠግነውታል። ውሃ ልኩን ትተንላቸው ነበር፤ በላይኛው ማሳም አንድ አዲስ መስመር አውጥተዋል።

እንግዲህ አንድ ሳምንት ምን ይሠራል ላሉት አባት መልሱ ይኸው ነው። የእኛ አራት ቀን ቦረቦር አይደፍንም። ገበሬው ያለ እኛ የሚቀጥለው ሥራ ግን ይደፍናል።

የተማሪ ቡድን ወደ ቀበሌያችሁ ቢመጣ ይህን ያዙ፦

1. ሥራውን እናንተ ምረጡ። ሴቶችም ይናገሩ።

2. ስንቁን ይዞ ይምጣ። እኛ ዱቄት፣ ሽሮና ዘይት ለየአሳዳሪዎቻችን ሰጥተናል። እንግዳ ሲሄድ ሌማት ባዶ መቅረት የለበትም።

3. ተማሪው ብቻውን አይሥራ። ውሃ ልኩን እናንተም ያዙት፤ ልጆቻችሁም ይያዙት።

4. ክትሩንና እርከኑን ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ዝናብ በኋላ ዞራችሁ እዩ። ክረምት ሲገባ በእርከኑ ላይ ዝሆኔ ሳር ወይም ሳስፓኒያ ትከሉ፤ ከብት አይግባበት፤ እያጨዳችሁ ቀልቡ።

5. ፊደል የቆጠራችሁ በሳምንት አንድ ማታ ተሰብሰቡ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ፤ ከዚያ ይለዋወጡ። የሚነበብ ቢጠፋ ደብተራችሁን፣ ጆንያውን፣ የልጃችሁን መጽሐፍ አንብቡ።

ማረሻ ካልታረሰበት ይዝጋል። ፊደልም ካልተነበበ ይጠፋል። ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ ላልተማረ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።